እንዶድን ከልብስ ሳሙናነት ወደ በሽታ መከላከያነት ያሸጋገሩት ሳይንቲስት

ሸዋ ሮቢት፦ በይፋት ቆላ ውሃ እንጀራ ነው። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ውሃ በመስኖ ቦይ ተጉዞ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ያለመልማል። አርሶ አደሩ በባዶ እግሩ ቦዩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እናቶች ልብስ ያጥቡበታል፤ ልጆች ሙቀቱን ሽሽት ይዋኙበታል። ይሁን እንጂ ሙቀት፣ ዝግ ብሎ የሚፈስ ውሃና የሰው እግር የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ስፍራ ለቢልሃርዝያም ይመቻል። ይህን በሽታ ከምንጩ ለመግታት ዕድሜያቸውን የሰጡት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው።

የእርሳቸውን ሥራ ለመረዳት በቅድሚያ የበሽታውን መንገድ ማወቅ ይገባል። የአንጀት ቢልሃርዝያ የያዘው ሰው ሜዳ ላይ ወይም በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ወደ ውሃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በውሃ ውስጥ በሚኖር አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያም በዓይን የማይታይ ሌላ እጭ ሆኖ ይወጣና ውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ወደ ደሙ ይዘልቃል። ትሉ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። በሽታው ሲከርም ጉበትንና ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሆድን በውሃ ይሞላል፤ ልጆችን ከትምህርት፣ አዋቂውን ከእርሻው ያስቀራል።

አክሊሉ ለማ በ1930ዎቹ አጋማሽ በጅግጅጋ ተወለዱ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ማጥናት ጀመሩ።

በ1964 ለዚሁ ጥናት ወደ ዓድዋ ተጓዙ። በዚያም ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ፤ ከማጠቢያው ርቆ ባለው የወንዙ ክፍል ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ተመራማሪው የእንዶዱን አረፋ በዕቃ አስቀድተው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ጨመሩበት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የእንዶድ ፍሬ ነጠላንና ጋቢን ሲያነጣ የኖረ የእናቶች ሳሙና ነው። ብዙ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል፤ ቆሞ ምክንያቱን የጠየቀው ግን ይህ ወጣት ሳይንቲስት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 ድረስም በዓድዋ ወንዞችን በእንዶድ የማከም ሰፊ ሙከራ ተካሄደ። በከተማዋ ነዋሪዎች ላይ 63 በመቶ የነበረው የበሽታው ስርጭት ወደ 33 በመቶ ወረደ። በትንንሽ ሕፃናት ላይ የታየው ለውጥ ደግሞ ከሁሉ የላቀ ነበር፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ልዩነቱ ትልቅ ትምህርት አለው፦ አዋቂው ቀድሞ የያዘውን ትል ለዓመታት ይዞት ይኖራል፤ ገና እግሩን ወደ ውሃ የሚያስገባው ሕፃን ግን ውሃው ከጸዳለት በሽታውን ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል።

ውጤቱ እንዲህ ቢሆንም የዓለም ተቋማት በቶሎ አልተቀበሉትም። የእንዶድ ደኅንነት ባደጉት አገሮች ቤተ ሙከራዎች ደንብ መሠረት እንዲረጋገጥ ተጠየቀ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ለረጅም ጊዜ አልተገኘም። ፕሮፌሰር አክሊሉ በድሃ አገር የተገኘ ዕውቀት በእኩል ዓይን እንዲታይ አጥብቀው ተሟገቱ። የሥራ አጋራቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከልዩ ልዩ አካባቢ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው ዓይነት 44 የተባለውን ኃይለኛ ዝርያ ለዩ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ፕሮፌሰር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥም በሳይንስና በሕፃናት ጉዳይ አገልግለዋል። በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከእርሳቸው ሕይወት የይፋት አርሶ አደር ምን ይማራል? እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ሁሉ ዓሣንም ይገድላል፤ ስለዚህ ማንም በራሱ ፈቃድ ወደ ወንዝ ሊጨምረው አይገባም። የተጠናው በልክና በባለሙያ ክትትል ነው። በእያንዳንዱ ቤተሰብ እጅ ያለው ግን ብዙ ነው። ሁሉም በመጸዳጃ ቤት ከተጠቀመ እንቁላሉ ወደ ውሃ አይደርስም። የመስኖ ቦይ ከሣርና ከደለል ከጸዳ ውሃው ይፈጥናል፤ ቀንድ አውጣውም መጠለያ ያጣል። ቦይ የሚጠርግና ውሃ የሚያዞር ሰው ቦቲ ጫማ ቢያደርግ ቆዳው ይጠበቃል። እጩ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በጠነከረችበት ሰዓት በመሆኑ በቀትር ልጆችን ከቦዩ ማራቅ ይጠቅማል። ለገላ የሚቀዳ ውሃም በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ለሁለት ቀን ቢቆይ እጩ ይሞታል፤ የሚጠጣው ግን መፍላት አለበት።

ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ነገር ግን ታክሞ የዳነው ሰው ወደዚያው ውሃ በባዶ እግሩ ከተመለሰ በሽታው ዳግም ይይዘዋል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ከታማሚው አልጋ ይልቅ ወደ ወንዙ ዳር የተመለከቱት ለዚህ ነው። ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ቦይ የልጆችንም ጤና የሚወስን መሆኑን የተረዳ አርሶ አደር የዓድዋውን ሥራ በገዛ ማሳው ይቀጥለዋል።