ጆን ቲንደል

ጆን ቲንደል (ኦገስት 2 ቀን 1820 – ዲሴምበር 4 ቀን 1893 እ.ኤ.አ.) በአየርላንድ የተወለደ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተሮችን የሚያገናኘው የፋይበር መስመር ብርሃንን እንዴት እንደሚመራ በውሃ ፍሰት ለሕዝብ በማሳየቱ ስሙ ይነሳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አባቱ ፖሊስ ነበር። ቲንደል በ1839 በመሬት ቅየሳ ሥራ ተቀጠረ፤ ነገር ግን ስለ አየርላንዳውያን ሠራተኞች ደመወዝና አያያዝ ተቃውሞ በማንሳቱ በ1843 ተባረረ። ከዚያ የባቡር ሐዲድ ሲቀይስና ሲያስተምር ቆይቶ በ1848 ወደ ጀርመን ሄደ፤ በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲም ዶክትሬቱን አገኘ። በ1853 ማይክል ፋራዳይ ይሠራበት በነበረው በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ፕሮፌሰር ሆነ።

የውሃው ሙከራ የታየው በ1854 ነው። ውሃ ከሞላ ዕቃ ጎን በቀዳዳ ተስፈንጥሮ ወደ መሬት እየጎበጠ ሲወርድ፣ ከኋላ የገባው ብርሃን ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ ከውሃው ጋር አብሮ ታጠፈ። ብርሃን ግን በራሱ አይታጠፍም። ከውሃ ወደ አየር የሚሄድ ጨረር ወሰኑን በጣም ተጋድሞ ከመታው ሊያልፍ አይችልም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይንጸባረቃል። እንዲህ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይጓዛል። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ ተማሪም በጨለማ ክፍል ውስጥ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስና በሌዘር መብራት ሊሞክረው ይችላል፤ ጨረሩ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ይጠንቀቅ።

የሙከራው ክብር ለረጅም ጊዜ ለቲንደል ሲሰጥ ቆይቷል። ይህ ትክክል አይደለም። የጄኔቫው ዳንኤል ኮላዶን ሙከራውን በ1841 አሳይቶ በ1842 በጽሑፍ አውጥቶት ነበር። ቲንደል ግን በንግግሩና በመጻሕፍቱ ዝነኛ ስለነበር የኮላዶን ስም ተሸፈነ።

በውሃ ፋንታ መስታወት ሲተካ ሌላ ችግር መጣ፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ብርሃኑን ይውጠዋል። ቻርለስ ካኦና ጆርጅ ሆካም በ1966 መስታወቱ ከጠራ ብርሃን ሩቅ መልእክት ሊያደርስ እንደሚችል አስረዱ። ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የባህር በር የሌላት ኢትዮጵያም በጅቡቲ በኩል ከባህር ሥር የፋይበር ገመዶች ጋር ትገናኛለች። አሁን ብርሃን ወደ ኮምፒዩተሩ ውስጥም እየገባ ነው፤ በሲሊከን ላይ የተቀረጹ ከፀጉር የቀጠኑ መስመሮች በዚያው የነጸብራቅ ሕግ ይመሩታል። መረጃን ማድረስ ግን ከማስላት ይቀላል። አንድ ጨረር ሌላውን ሳይነካው ስለሚያልፍ፣ ብርሃንን በብርሃን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ መሥራት አስቸጋሪ ነው።

ቲንደል በራሱ ዘመን ይበልጥ የታወቀው በሌሎች ሥራዎቹ ነው። ከ1859 ጀምሮ የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን እንደሚይዙ ለካ። (እዚህም አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856 ተቀራራቢ ውጤት አቅርባ ነበር።) በ1861 የስዊዘርላንዱን ቫይስሆርን ተራራ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረገጡት አንዱ ነበር።

በ1876 ሉዊዛ ሃሚልተንን አገባ። በ1893 ባለቤቱ በስህተት ከልክ በላይ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጥታው ሞተ። ሉዊዛ የሕይወት ታሪኩን ለማውጣት ሰነዶቹን ስትሰበስብ ኖራ፣ መጽሐፉ ሳይታተም በ1940 አረፈች። የታተመው በ1945 ነው።