አለቃ ገብረ ሐናና የጣና ሞገድ

የአለቃ ገብረ ሐናን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በየቤቱ ከምድጃ ዳር፣ በየጠጅ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የእርሳቸው የተባለ ቀልድ ሲነገር ኖሯል፤ ዛሬም ይነገራል። ከሚነገሩትም መካከል አያሌዎቹ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ሌሎች የፈጠሯቸውና በስማቸው የተለጠፉ እንደሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሳቅ አንድ ትልቅ ነገር ሸፍኖ ቆይቷል። እኚህ ሰው በሙያቸው የዜማና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ ከዚያም አልፎ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የማሕሌት ሥርዓት ውስጥ አዲስ ስልት የፈጠሩ ሰው ናቸው። የፈጠሩት ስልት ግን የእርሳቸውን ስም አልያዘም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መመርመር፣ አንድ የፈጠራ ሥራ ከፈጣሪው እጅ ወጥቶ በትውልድ መካከል የሚኖርበትን መንገድ ለመረዳት ይጠቅማል።

አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ዐሥርተ ዓመታት፣ በፎገራ ወረዳ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለ ቦታ ነው። ናበጋ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ ከርብና ከጉማራ ወንዞች የሚወርደው ደለል የሠራው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በክረምት ሐይቁ ሞልቶ ወደ ሜዳው ይገባል፤ በበጋ ደግሞ ይሸሻል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ አነስተኛ ነው፤ ከጠለቀውም ቦታ ቢሆን ከ15 ሜትር አይበልጥም። በእንዲህ ዓይነቱ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ፈጥኖ ይበረታል። በዳርቻውም ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ይበቅላል። በሞገዱ መምጣትና መሄድ ደንገሉ ጎንበስ ቀና ሲል ማየት ለአካባቢው ልጅ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ይህ ትዕይንት በኋላ ዘመን ምን እንዳስገኘ ከዚህ በታች ይታያል።

በዚያ ዘመን የከፍተኛ ትምህርት መንገድ ረጅምና በሥርዓት የተከፋፈለ ነበር። ተማሪው ከንባብ ቤት ተነሥቶ ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም እንደ ዝንባሌውና እንደ ዕድሜው ወደ መጻሕፍት ቤት ወይም ወደ አንዱ የዜማ ክፍል ልዩ ጥናት ይሸጋገራል። እያንዳንዱ የዜማ ክፍል የራሱ ማስመስከሪያ ቦታ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ድጓ በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዚያው በጋይንት ዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በዓታ ይመሰከራል። ከእነዚህ ቦታዎች የምስክር ማዕረግ ሳይቀበል በሊቅነት የሚቆም መምህር ብዙም ተቀባይነት አያገኝም ነበር። ስለዚህ ከዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ከጣና በስተ ምሥራቅና በስተ ሰሜን ባለው አገር በክፍል የተለየ፣ በፈተና የተረጋገጠ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ተዘርግቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ገብረ ሐና በቅኔም በዜማም ከተማሩ በኋላ በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ላይ ወደ ጎንደር ገብተው በዓታ ማርያም አስተማሩ። ይህ ማለት የአቋቋም ትምህርት ከሚመሰከርበት ወንበር ደረሱ ማለት ነው። አለቃ የሚለው ማዕረግም የቀልድ ቅጽል ሳይሆን በትምህርትና በሹመት የተገኘ ነው።

አቋቋም ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። የድጓው ዜማ በቃል ተጠንቶ ካበቃ በኋላ፣ ያው ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ታጅቦ፣ ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ተዋሕዶ በማሕሌት የሚቀርብበት ጥበብ አቋቋም ይባላል። ደብተራዎቹ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ። መጀመሪያ በቁም ይዜማል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው በዜማው ልክ ይወዛወዛል። በመረግድ ከበሮው ይገባል፤ በጽፋት ጊዜ ደግሞ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባም ይጨመራል። አንድ ቃል በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ሲያልፍ ዜማው ሳይለወጥ ክብደቱና ፍጥነቱ ይለወጣል። ሥራው ትክክለኛ መለኪያ የሚጠይቅ ነው፤ ከሰልፉ አንዱ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ የአለቃ ገብረ ሐና ሕይወት ሁለት መልክ ነበረው። በሊቅነታቸው ይከበራሉ፤ በምላሳቸው ደግሞ ይፈራሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ካህናቱን በጥብቅ የሚቆጣጠሩና ንግግርን በቀላሉ የማያልፉ ስለነበሩ፣ ሁለቱ ሳይስማሙ ቀሩ። በሊቃውንቱ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት አለቃ ከንጉሡ ቁጣ ሸሽተው ከጣና ገዳማት ወደ አንዱ ገቡ። በዚያን ዘመን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ እንደተሠራ ይታወቃል። ከዚያ ብዙም በማይርቀው ሐይቅ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥራ ይታሰብ ነበር፤ ይኸኛው ብረትም እሳትም አልጠየቀም።

ትውፊቱ እንደሚለው፣ አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ሞገድና በዳርቻው የሚወዛወዘውን ተክል አስተውለው፣ ያንን እንቅስቃሴ ወደ ዝማሜ አመጡት። ይህ አባባል እንደ ተረት ታልፎ የሚቀር አይደለም። ሞገድ በውሃ ላይ ሲያልፍ ውሃው ራሱ ከቦታው ብዙ አይርቅም፤ ከፍ ዝቅ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብሎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሚጓዘው እንቅስቃሴው ነው። ደንገሉም ሥሩ ከጭቃው ሳይነቀል ከወገቡ በላይ ይተጣጠፋል፤ ተጣጥፎም ይቃናል። በተክሌ ዝማሜ የሚታየውም ይኸው ነው። የደብተራው እግር በቦታው ይጸናል፤ ከወገብ በላይ ያለው አካል ከመቋሚያው ጋር ሆኖ በዜማው ልክ ዘንበል ብሎ ይመለሳል። መቋሚያው ለብቻው የሚወዛወዝ በትር መሆኑ ቀርቶ የአካሉ ቅጥያ ይሆናል። ሰልፉም በሙሉ አንድ ላይ ሲያዘነብል ለተመልካች እንደ ሐይቅ ዳርቻ ይታየዋል።

አለቃ ይህን አዲስ ስልት ለጎንደር ሊቃውንት ሲያቀርቡ ተቀባይነት አላገኙም። ይህን ውሳኔ የአላዋቂዎች ምቀኝነት ብሎ መተርጎም ቀላል ቢሆንም ፍትሐዊ አይደለም። በዓታ ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪ የሚመሰከርበት ቦታ ነው። ከበዓታ የተመረቀ ደብተራ በየትኛውም ደብር ቢሄድ ከማያውቃቸው ሰዎች ጎን ቆሞ ሳይሳሳት ማዜም መቻል አለበት። ይህ የሚሆነው ሥርዓቱ አንድና የማይነቃነቅ ሲሆን ነው። መለኪያን የሚጠብቅ ተቋም አዲስ ነገርን በጥርጣሬ የሚያየው ከዚህ የተነሣ መሆኑን በማንኛውም ሙያ ያለ ሰው ይረዳዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ከተማዋ ራሷ የመከራ ዘመን ላይ ነበረች። በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የመሐዲስቶች ጦር ገብቶ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። ያለውን እንኳ ማዳን ጭንቅ በሆነበት ጊዜ ለአዲሱ ቦታ አልተገኘም ቢባል አያስደንቅም።

እዚህ ላይ የነገሩ አስቸጋሪነት ይታያል። የድጓው ዜማ በጽሕፈት የሚጠበቅበት ዘዴ ከተገኘ ቆይቷል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደትና የመሳሰሉት ምልክቶች ከቃሉ በላይ እየተጻፉ መጥተዋል። ስለዚህ የዜማ መምህር ቢሞት ብራናው ይናገራል። ለአካል እንቅስቃሴ ግን እንዲህ ያለ ጽሕፈት አልነበረም። የክንድ ስፋት፣ የወገብ መታጠፍ፣ መቋሚያው የሚመለስበት ቅጽበት የሚቀመጥበት ወረቀት የለም። ከተማሪው አካል በቀር ሌላ ማከማቻ አልነበረውም። ፈጠራው ንድፍ የሌለው ሕንፃ ነበር ማለት ነው፤ ገንቢው ከሞተ ሌላ ማንም ሊደግመው አይችልም።

በመሆኑም አለቃ ገብረ ሐና ያላቸው አማራጭ አንድ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ስልቱን በአንድ ሰው ላይ መጻፍ ነበር። ያም ሰው ልጃቸው ተክሌ ነው። አባት ለልጁ ከርስትና ከበሬ ይልቅ ታላቁ ደብር ያልተቀበለውን አንድ እንቅስቃሴ አወረሱት። ልጁም ዝም ብሎ ተቀባይ አልነበረም። ያልተመሰከረለትን ነገር ተሸክሞ ማስተማር፣ በሌሎች ሊቃውንት ፊት መሳቂያ የመሆንን አደጋ ጭምር መሸከም ነው። የአባቱ የቀልድ ዝናም ሸክሙን ሳያከብደው አልቀረም፤ በቀልደኛነቱ የታወቀ ሰው ቁም ነገር ሲያመጣ አድማጭ ቶሎ አያምነውምና።

አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ኖረዋል። ወደ ሸዋም ወርደው በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ታይተዋል፤ ስለ እርሳቸው የሚወሩ ብዙ ቀልዶች ከዐፄ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር የተያያዙትም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያም ቢሆን ምላሳቸው ወዳጅ እንዳፈራላቸው ሁሉ ጠላትም አፍርቶባቸዋል። በቤተ መንግሥት ዙሪያ የቀረው ትዝታ የሳቅ ትዝታ ነው። ስለ ዝማሜ የሚተርክ እምብዛም አይገኝም።

ስልቱ የቆመው በደብረ ታቦር ነው። ተክሌ ከአባቱ የተማረውን ይዞ በደብረ ታቦር ኢየሱስ አስተማረ። ቦታው ለዚህ ተስማሚ ነበር። ደብረ ታቦር ከዘመነ መሳፍንት ጀምሮ የመሳፍንትና የነገሥታት መቀመጫ ስለሆነች ካህናት በብዛት ይኖሩባታል፤ ለፎገራና ለጣናም ቅርብ ናት፤ እንደ በዓታ ግን ጥንታዊውን የአቋቋም ሥርዓት የመጠበቅ ኃላፊነት አልተጣለባትም። ስለዚህ አዲሱ ነገር የሚሞከርበት ነፃ ሜዳ ሆነች። ከደብረ ታቦር የተማሩት ደብተራዎች በየአገራቸው ተበተኑ፤ ስልቱም አብሯቸው ሄደ። ዛሬ የአቋቋም ስልቶች ሲቆጠሩ ከጎንደሩና ከአጫብሩ ጋር የተክሌ አቋቋም በእኩልነት ይጠራል። በመምህሩ በተክሌ ስም የተጠራውም ሰዎች የተማሩት ከእርሱ ስለነበር ነው። ተማሪ አስተማሪውን ይጠራል፤ የአስተማሪውን አስተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የስሙ ነገር አባትን ቅር አሰኝቶ ይሆን ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን የጎንደር ሊቃውንት በፈጣሪው ስም ያልተቀበሉትን ሥራ ትውልዱ በልጁ ስም ተቀበለው። ሥራው ራሱ ግን አልተለወጠም። ከዚህ አንጻር ሲታይ የስሙ መተላለፍ ጉዳት ብቻ አልነበረም።

ይህ ታሪክ ከዜማ ቤት ውጭ ላለውም ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት አለው። በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በኋላም በ1992 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲነት የተዋቀረው ተቋም፣ ሞገድንና ውዝዋዜን በስሌት የሚያስተምረው ከዚሁ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተመሠረተው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የዘመናዊውን ሙዚቃ ትምህርት ከአገሩ ዜማ ጋር ለማገናኘት ሲሠራ ቆይቷል። ለአለቃ ገብረ ሐና ያልነበረው የእንቅስቃሴ ጽሕፈትም አሁን ከእጅ የራቀ አይደለም። አንድን ዝማሜ በቪዲዮ መቅረጽ፣ የመቋሚያውን ጫፍ ጉዞ በሰከንድ ከፋፍሎ መለካት፣ ከከበሮው ምት ጋር አስተያይቶ በሥዕል ማስቀመጥ ማንኛውም የቴክኒክ ክፍል ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው መምህሩን አይተካም። የሚቀረጸው ነገር እውነተኛ እንዲሆን ከመሣሪያው ፊት የሚቆመው ሰው ከመምህር እግር ሥር ዓመታት የቆየ መሆን አለበት።

አለቃ ገብረ ሐና ንድፍ ሳይኖራቸው፣ ተቋም ሳይደግፋቸው፣ በአንድ ተማሪ ብቻ ሥራቸውን አሻገሩ። የተሳቀላቸው ቀልድ ብዙ ነው፤ ከእርሱ የትኛው የእርሳቸው እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ ግን የለም። ዝማሜያቸው በስማቸው ባይጠራም የእርሳቸው መሆኑን ሊቃውንቱ ሲመሰክሩ ይኖራሉ። በበዓል ሌሊት በደብረ ታቦር ኢየሱስ ማሕሌት ሲቆም፣ በቀኝና በግራ የተሰለፉት ደብተራዎች እግራቸውን አጽንተው ከመቋሚያቸው ጋር ሲያዘነብሉና ሲመለሱ፣ የናበጋው ልጅ በልጅነቱ ያየው ሐይቅ በዚያ ይታያል።