ከመርጡለ ማርያም እስከ ወሎ፦ የብፁዕ ሰማዕት አባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት

የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት በቆቦ ሜዳና በራያ ቆላ ማሽላ የሚታጨድበትና የሚወቃበት ጊዜ ነው። ጾመ ነቢያትም የሚገባው በዚሁ ወቅት ነው። ቀኑን በአውድማ የዋለ ሰው ማታ ለትምህርተ ክርስቶስ ቢመጣ ድካሙን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም ተሸክሞ ይመጣል። ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ለመግባት የሚያስቡ ወገኖቻችን ካቴኪስቱን ከሚጠይቁት ሁሉ ሁለቱ ይከብዳሉ። የመጀመሪያው እናትና አባቴ ያወረሱኝን መካድ አይሆንብኝም ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ስሞት ከማን ጋር፥ የትስ እቀበራለሁ የሚል ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ እንደ ተራ ነገር የሚያልፍ ካቴኪስት የሚያስተምረውን ሕዝብ ገና አላወቀም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የተጠና መልስ ከመስጠት ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት መተረክ ይሻላል ብለን ስለምናምን፥ የብፁዕ ሰማዕት አባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ እናቀርባለን። የተወለዱት በጎጃም፥ ያረፉት ግን በዚሁ በወሎ ምድር ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ዓ.ም. ከመርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን አጡ፤ በቀረችው በአንዲቱ ዓይን ግን ሁለት ዓይን ያላቸው ብዙዎች ያላነበቡትን አነበቡ። በመርጡለ ማርያም ገዳም ተምረው መነኮሱ። ከመነኮሱ በኋላ አንድ ነገር ዕረፍት ነሣቸው፤ ይኸውም የምንኵስና ሕይወት ከጥንቱ ሥርዓት ስለ ምን ተዳከመ የሚለው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ዘመኑን ወቅሶ ዝም ባለ ነበር። እርሳቸው ግን መልሱን በመጻሕፍት ለመፈለግ ከገዳም ወደ ገዳም ተዘዋወሩ፥ እስከ ጎንደርም ደረሱ። በመጨረሻም የድካሙ ሥር የሃይማኖት ትምህርት መከፋፈል ነው ወደሚል ሐሳብ መጡ።

መከፋፈሉ ምን እንደ ነበር ለካቴኪስቶች በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። ጌታችን በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ሲባል ትርጓሜው ምንድር ነው በሚለው ነገር ሊቃውንቱ በሦስት ወገን ቆመው ነበር። በአንድ ወገን ሁለት ልደት የሚሉት ካሮች፥ በሌላ ወገን በጎጃም የበረቱት ቅባቶች፥ በሦስተኛውም ወገን ጸጋ ወይም ሦስት ልደት የተባሉት ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ከጉባኤ አልፎ ከመሳፍንቱ ጠብ ጋር ተቀላቀለ፤ ደምም አፈሰሰ። በመንግሥት ፊት የተቋጨው በ1878 ዓ.ም.፥ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ባደረጉት ጉባኤ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ያን ቀን አላዩም።

በ1841 ዓ.ም. የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ጳጳስ ከግብፅ የሚያመጡ መልእክተኞችን ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል አብረው ተጓዙ፤ ኢየሩሳሌምን የመሳለም ምኞት ነበራቸውና። ደጃዝማቹ መልእክተኞቹን እንዲሸኙላቸው የለመኗቸው የላዛሪስት ማኅበር ካህን የነበሩት ኢጣሊያዊው ዩስቲኖስ ዴ ያኮቢስ ነበሩ። እኚህም በአገራችን አቡነ ያዕቆብ በሚለው ስም የሚታወቁት ቅዱስ ናቸው። በካይሮ ፓትርያርክ ጴጥሮስ ሰባተኛ እንድርያስ የተባለውን ወጣት አቡነ ሰላማ ብለው ሾሙ። አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ ምርጫ ደስ አልተሰኙም። ከዚያም ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ከአባ ዩስቲኖስ ጋር ወደ ሮማ ተሻገሩ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ ስድስተኛም በነሐሴ ወር ተቀበሏቸው።

አንባብያን እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስተውሉ። አባ ገብረ ሚካኤል ሮማን አዩ፥ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ፊት ቆሙ፤ ይሁን እንጂ ካቶሊክ ሳይሆኑ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የሮማ ግርማ አላስቸኮላቸውም። አባ ዩስቲኖስም ቢሆኑ አልገፏቸውም። ዛሬ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሦስተኛውን ቢቀር ተስፋ የምንቆርጥ መምህራን አለን፤ ራሴንም ከእነርሱ እቈጥራለሁ።

በ1843 ዓ.ም. በመስከረም ወር አባ ገብረ ሚካኤል በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ዐድዋ ወደ አባ ዩስቲኖስ መጡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። በፊታቸው የተቀመጠው የውጭ አገር ካህን በዘጠኝ ዓመት ያህል ያንሳቸዋል። በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ ስም የነበራቸው መምህር እንደ ተማሪ ለመጠየቅ ተቀመጡ፤ ይህ ብቻውን ትልቅ ትሕትና ነው። ንግግራቸው አምስት ወር ያህል ቆየ፤ ኅዳርን ተሻግሮ በጾመ ነቢያት ውስጥ አለፈ። ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ የተባሉት ሦስቱ ሰንበታት በዚያ ዓመትም በተራቸው ተከበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቋቸው ሰንበታት ነበሩ፤ ነቢያት የሚመጣውን እንደ ጠበቁ እርሳቸውም በዚያ ዓመት ይጠብቁ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1844 ዓ.ም. በየካቲት ወር ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚህ ላይ እናንሣ። አባ ገብረ ሚካኤል የካዱት ምን ነበር? ጾሙንና ግእዙን አልካዱም። አባ ዩስቲኖስ ራሳቸው እንደ አገሩ መነኵሴ ለብሰው፥ እንደ አገሩ ሰው ኖረው የግእዝ ሥርዓት እንዲጠበቅ የደከሙ ነበሩ። አዲሱ ካቶሊክ ከተዋቸው ነገሮች ያልተዋቸው ይበዛሉ።

ከዚያ በኋላ በአጋሜ ጓላ በተከፈተው ዘርዐ ክህነት ወጣቶችን አስተማሩ፥ መጻሕፍትንም በመተርጐም ረዱ። መታሰርም በየጊዜው አልቀረላቸውም። በ1851 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቀን፥ ስድሳ ዓመት ሲሆናቸው፥ ጳጳስ ከሆኑት ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ክህነትን ተቀበሉ። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ብንመልሰው ታኅሣሥ 24፥ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ልደት የሚከበርበት፥ በኖላዊ ሳምንት ውስጥ የሚውል ነው። ኖላዊ እረኛ ማለት እንደ ሆነ ካቴኪስቶች ያውቃሉ።

በ1854 ዓ.ም. በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ስምምነት አደረጉ። የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ መሪ አንድ ሃይማኖት እንዲታወጅ መሻታቸው በዘመኑ አሳብ የሚገርም አይደለም፤ ጳጳሱም የካቶሊኮችን መባረር ይፈልጉ ነበር። በሐምሌ ወር አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከሌሎች ጥቂት ኢትዮጵያውያን ጋር በጎንደር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ አባ ገብረ ሚካኤል እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ቀሩ። ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። እምነታቸውን እንዲለውጡ በልመናም በጅራፍም ተሞከሩ፤ አልለወጡም። በ1855 ዓ.ም. ግንቦት 31 ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሞት ተፈረደባቸው። በዚያ የነበሩት የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንና ሌሎችም ስለማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ሰንሰለት ተለወጠ።

ይህን ስናነብ በእኅት ቤተ ክርስቲያን ላይ ቂም እንዳንይዝ አደራ እላለሁ። በ1973 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ ስድስተኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ ሦስተኛ ስለ ጌታችን አምላክነትና ሰውነት የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሮማ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛን ጎብኝተዋል። አባ ገብረ ሚካኤል ለአንድነት በካይሮና በሮማ መካከል በተመላለሱበት ጎዳና ሌሎች ዘግይተው ተጉዘውበታል።

የሰንሰለቱ ዕድሜ አጭር ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ወደ ወሎ ሲዘምት ስድሳ አራት ዓመት የሆናቸው እስረኛ ታስረው ተከተሉት። ክረምት ነበር፤ በሠራዊቱም መካከል ኮሌራ ገብቶ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ታመው፥ ሰንሰለቱ ከእግራቸው ሳይወልቅ በመንገድ ላይ ዐረፉ። የገዳማቸው መነኰሳት በአጠገባቸው አልነበሩም፤ ካቶሊካውያን ወንድሞቻቸውም ሩቅ ነበሩ። ጠባቂዎቻቸው የነበሩት ወታደሮች አልቅሰው ቀበሯቸው።

አቡነ ያዕቆብ በ1860 ዓ.ም. ዐርፈው በኤርትራ በሄቦ ተቀበሩ፤ በ1975 ዓ.ም. ቅድስናቸው ታወጀ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ ደግሞ በ1926 ዓ.ም. ጥቅምት 3 ቀን አባ ገብረ ሚካኤልን በሮማ ብፁዕ ብለው አወጁ። ወሎን የሚያጠቃልለው የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው በ2015 ዓ.ም. ነው። የብፁዑ ሥጋ በዚህ አፈር ከዐረፈ በዚያን ጊዜ 160 ዓመት ሆኖት ነበር።