በዋሻው ውስጥ ብቻውን የሮጠው

የ1994 ዓ.ም እንቁጣጣሽ የዋለው ማክሰኞ ነበር። ይህን በስልካችሁ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም፤ የተወለዳችሁትም ገና ከእናታችሁ ጀርባ አልወረዳችሁም። እዚህ ዶሮው ተበልቶ፣ አበባየሆሽ ያሉት ልጆች ሳንቲማቸውን ቆጥረው ጨርሰው፣ ሰዓቱ ወደ 10 ሲጠጋ ኒውዮርክ ላይ ገና ጠዋት ነበር። በዚያ ጠዋት ብሩክሊን ከሚገኝ አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ የወጣ የ34 ዓመት ሰው ፒክአፑን እየነዳ ነበር። ከወንድሞቹ ጋር ጎልፍ ለመጫወት ቀጠሮ አለው። ስሙ ስቴፈን ሲለር ይባላል።

ዛሬ በስሙ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሮጣል። ታሪኩ ሲነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያች ማክሰኞ ነው የሚጀመረው። እኔ ደግሞ ከልጅነቱ ካልተጀመረ ሩጫው ራሱ የሚገባን አይመስለኝም።

ስቴፈን በ1959 ዓ.ም ሲወለድ ለቤቱ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ወላጆቹ የአሲሲውን ቅዱስ ፍራንሲስ አርአያ የሚከተሉ ካቶሊኮች ነበሩ። ስምንት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ እናቱም ተከተለች። በቃ፣ ሌላው ልጅ ኳስ ሲያባርር እሱ ወላጅ አልባ ሆነ።

ያነሱት ታላላቆቹ ናቸው። ከእሱ በብዙ ዓመት የሚበልጡ፣ የራሳቸውን ኑሮ የጀመሩ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ፤ ትንሹን ልጅ ወስደው አሳደጉት። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስንቶቻችን ነን በታላቅ እህት ጉያ ያደግን፣ ጋሼ የምንለው ወንድማችን የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈለልን? የሚያድገው ልጅ ግን ቀላል ልጅ ይሆናል ማለት አይደለም። ስቴፈንም ጥቂት ዓመታት ከሐዘኑ ጋር ሲታገል፣ መንገዱ ሲጠፋበት እንደነበር ቤተሰቡ አይደብቅም። ወንድሞቹ አልለቀቁትም። ቀስ በቀስ ሰው ሆነ፣ እሳት አደጋ ተከላካይ ሆነ፣ አገባ፣ አምስት ልጆች ወለደ። ያን ጠዋት የመጨረሻው ልጁ ገና ሕፃን ነበር።

የሚሠራበት ጣቢያ ስኳድ 1 ይባላል፤ ብሩክሊን ውስጥ ፓርክ ስሎፕ የሚባል ሰፈር ነው ያለው። ስኳድ የሚባሉት ቡድኖች ከተራው እሳት ማጥፋት ሌላ ለከባድ የነፍስ አድን ሥራ የሠለጠኑ ናቸው፤ ሕንፃ ሲደረመስ፣ መርዛማ ኬሚካል ሲፈስ የሚጠሩት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ማክሰኞዋ እንመለስ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከመንትዮቹ ሕንፃዎች የሰሜኑን መታ። ስቴፈን ወሬውን የሰማው መኪናው ውስጥ ባለው የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ፈረቃው አልቋል። ቀጥሎ ቢሄድ ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አያውቅበትም። እሱ ግን መኪናውን አዙሮ ወደ ጣቢያው ተመለሰ፤ ልብሱንና መሣሪያውን ጫነ። ከዚያ ለሚስቱ ደወለ። የነገራት ነገር ቀላል ነው፦ እንደሚዘገይ፣ ለወንድሞቹ ኋላ እንደሚደርስባቸው እንድትነግርለት።

ይቺ ስልክ ናት ሁሌ የምታቆመኝ። ስለ ጀግኖች ሲወራ ሞትን ንቀው እንደሄዱ አድርገን ማውራት ደስ ይለናል። ይህ ሰው ግን የሄደው ሊሞት አይደለም። ሥራውን ሠርቶ፣ ተጣጥቦ፣ ከሰዓት በኋላ ጎልፍ ሊጫወት ነው። እንደሚመለስ ሰው ነው የደወለው።

ከብሩክሊን ወደ ማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በውኃ ሥር የሚያልፈው የብሩክሊን ባተሪ ዋሻ ነው። ለትራፊክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን 2,779 ሜትር ይረዝማል። ስቴፈን እዚያ ሲደርስ ዋሻው ለደኅንነት ሲባል ለመኪና ተዘግቷል። ፒክአፑን ትቶ ወረደ። ከባዱን ካፖርት፣ ሱሪውን፣ ቦቲውን፣ ሄልሜቱንና የአየር ሲሊንደሩን ለበሰ፣ ተሸከመ። ይህ ሁሉ ተደምሮ 27 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሩብ ኩንታል ጤፍ ትከሻችሁ ላይ እንዳለ ቁጠሩት። ከዚያም መሮጥ ጀመረ።

ዋሻው ሜዳ እንዳይመስላችሁ። በውኃ ሥር እንዲያልፍ ስለተሠራ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ እስከ መውጫው ሽቅብ ነው። ትንፋሽ ባለቀበት ሰዓት ዳገቱ ይጀምራል ማለት ነው። ያን ሩጫ የቀረጸ ካሜራ የለም፤ ዛሬ ቢሆን አሥር ሰው በስልኩ ይቀርጸው ነበር። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሕንፃዎቹ ሄደ። የደቡቡ ሕንፃ 3 ሰዓት ከ59 ላይ ወደቀ፣ የሰሜኑ 4 ሰዓት ከ28 ላይ ተከተለው። ስቴፈን ሲለር አልተመለሰም። በዚያን ቀን የከተማዋ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት 343 ሰዎች አጣ። ከስኳድ 1 ብቻ እሱን ጨምሮ 12።

አሁን አምስት ልጆች ያለ አባት ቀሩ። ታላላቆቹ ይህን ነገር ያውቁታል፤ ከዓመታት በፊት ያው ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ይዘው ቆመው ነበር። ገና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በስሙ ፋውንዴሽን አቋቋሙ። በቀጣዩ መስከረም፣ ማለትም በ1995 ዓ.ም፣ እሱ የሮጠበትን መንገድ ሌላውም ሰው እንዲሮጠው ጋበዙ። በመጀመሪያው ዓመት የመጣው 1,500 ያህል ሰው ነበር። ዛሬ በአንዳንዱ ዓመት 30 ሺህና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር ነው። የሚካሄደው ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር በሚሉት ወር የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ ከእኛ መስቀል ጋር ጎን ለጎን ይውላል።

ታላቁ ሩጫ ላይ የተሳተፈ ሰው መልኩን መገመት አያቅተውም፤ ለሜዳሊያ የሚሮጥ ጥቂት፣ እየሄደ የሚጫወት ብዙ። እዚህ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ያንኑ ክብደት ተሸክመው ይሮጣሉ። ወጣት መኮንኖች በሰልፍ እየዘመሩ ያልፋሉ። ሯጩ ከዋሻው ወደ ብርሃን ሲወጣ በረድፍ የቆሙ ሰዎች ያገኛል፤ እያንዳንዳቸው በዚያን ቀን ከሞቱት 343 ሠራተኞች የአንዱን ምስል ይዘዋል። ሰዓቱን ሲቆጥር የመጣውም እዚያ ጋ ይዘገያል።

እውነቱን ለመናገር፣ ለበጎ አድራጎት የሚባል ሩጫ ሁሉ አያሳምነኝም። ቲሸርት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳይታወቅ ዓመቱ ይዞራል። ይህኛው የተለየብኝ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን በዓይን ስለሚታይ ነው፤ ቤት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው ቤት የሚገዛው በ30 ዓመት ብድር ነው። አባት ወይም እናት ሥራ ላይ ሲሞቱ ደመወዙ ይቆማል፣ ብድሩ ግን አይቆምም። ልጆቹ ከሐዘኑ በላይ ሰፈራቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን፣ ጓደኞቻቸውን ያጣሉ። ፋውንዴሽኑ ሥራ ላይ ለሞቱ ፖሊሶችና እሳት አደጋ ሠራተኞች ቤተሰብ ብድሩን ይከፍላል፤ እጅና እግራቸውን በጦርነት ላጡ ወታደሮች ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖሩበት ቤት ይሠራል። እስካሁን የተሰጡት ቤቶች ከ1,000 በልጠዋል። ለጋሾችን የሚጠይቀው በወር 11 ዶላር ነው፤ ቁጥሩ ያችን ቀን ለማስታወስ ነው።

ሥራው የሚያልቅ አይመስልም። በፍርስራሹ ላይ ለወራት ሲቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች አቧራውን ተንፍሰው ታመሙ። በካንሰርና በሳንባ በሽታ የሞቱት ቁጥር ዛሬ በዕለቱ ከሞቱት ከ343ቱ በልጧል። ለእነሱም ልጆች ቤት ይታሰባል።

ፋውንዴሽኑን የሚመራው ታላቅ ወንድሙ ፍራንክ ሲለር ነው። በ20ኛው ዓመት፣ ስልሳዎቹን ሊጨርስ ሲል፣ ከፔንታጎን ተነስቶ፣ አንዱ አውሮፕላን በወደቀበት በሻንክስቪል በኩል አድርጎ ኒውዮርክ ድረስ በእግሩ ሄዷል። 864 ኪሎ ሜትር፤ ከአዲስ አበባ መቀሌ ከሚያደርሰው መንገድ ይበልጣል። 42 ቀን ፈጀበት። የደረሰው በዚያችው ዕለት ነው፤ ወደ ከተማዋ የገባውም በዋሻው ውስጥ አልፎ።

ዋሻው አሁን በአንድ የቀድሞ የኒውዮርክ ገዥ ስም ይጠራል። በዓመት አንድ እሑድ ለመኪና ይዘጋል። ሯጮቹ ከብሩክሊን በኩል ይገባሉ፣ ቁልቁሉን ወርደው ዳገቱን ይወጣሉ፣ ምስሎቹን ያልፋሉ። ከ343ቱ አንዱ የእሱ ነው። ሰዉ አልፎ ሲያልቅ ዋሻው ለመኪና ይከፈታል።