አለቃ ገብረ ሐና፦ በቀልድ የተሸፈነ ሊቅነት

አለቃ ገብረ ሐና ደስታ ዛሬ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ዘንድ የሚታወቁት በቀልደኛነታቸው ነው። በመድረክም ሆነ በቴሌቪዥን ስማቸው ሲነሣ ሳቅ ይቀድማል። በ1814 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ ናበጋ ጊዮርጊስ እንደ ተወለዱ የሚነገርላቸው እኚህ ሰው ግን በዘመናቸው የቅኔ፣ የፍትሐ ነገሥትና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ በጎንደር በኣታም ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል።

ትልቁ ሥራቸው በዝማሜ ላይ ያመጡት ለውጥ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው የጣና ሞገድ መመላለስና የደንገል መወዛወዝ መነሻ ሆኗቸው፣ ከመቋሚያው ጋር ሰውነትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያወዛውዝ አዲስ ሥርዐት ቀመሩ። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። አለቃ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ልጅየውም ደብረ ታቦር ላይ ተከለው።

ቀልዳቸው ከዚህ ሊቅነት ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ቃልን ሰብሮና ገጥሞ፣ አጥብቆና አላልቶ ሁለት ፍቺ ማውጣት የቅኔ ቤት ሙያ ነው። አንዲት አህያ የሚነዳን ሰው በብዙ ቁጥር ሰላም አሉት የሚለው ተራ ጨዋታ እንኳ የሚያስቀው፣ አንዲት የሰዋስው ምእላድ እንስሳዋን ከባለቤቷ ጋር ስለምትቆጥር ነው። ከመኳንንቱና ከቤተ መንግሥት ጋር ያቀያየማቸውም ይኸው አንደበት እንደ ነበረ ይተረካል።

ስማቸውን ያጎደፈው ጨዋታው በቃል ሲተላለፍ የደረሰበት ለውጥ ነው። ባለቤት ያጣ ቀልድ፣ በተለይም ብልግና የበዛበትና ሴቶችን የሚያዋርደው፣ እየተለቀመ በእርሳቸው ስም ተነገረ። የቱርኩ ነስረዲን ሆጃም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ወርቁ ሲረሳ ሰሙ ብቻ ቀረ፤ ተራኪውም ለራሱ አፍ የከበደውን ሁሉ በአለቃ አፍ መናገር ቻለ። በአንጻሩ ነውር ያለበትን ጨዋታ በሙሉ የእርሳቸው አይደለም ብሎ መፋቅም ማስረጃ የለውም፤ ደብተራውን ያለ ልኩ መልአክ ያደርገዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር በሚነገሩት ጨዋታዎች አለቃ የሚረቱባቸው ጥቂት አይደሉም፤ የሚያዋርዱትን ቀልዶች የሚደግሙ ሰዎች ግን እነዚህን እምብዛም አያነሡም።

የጎንደር ሊቃውንት የነቀፉት ዝማሜ ዛሬም በማኅሌት ይቆምበታል። መጠሪያው ግን በአባት ሳይሆን በልጅ ስም፣ ተክሌ ነው።