ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ (1857 ዓ.ም. ገደማ – 1945 ዓ.ም.)፣ በውጭ አገር ስማቸው ዶክተር ቻርልስ ማርቲን፣ ዘመናዊ ሕክምና የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ናቸው። ከሕክምናው ሌላ በትምህርት ሥራ፣ በአውራጃ ገዥነትና በዲፕሎማትነት አገልግለዋል። በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ተወስደው በህንድ አደጉ፤ ለቋሚ ኑሮ ወደ አገራቸው የተመለሱት ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በፈቃድ ወይም በምድብ ሥራ ነበር፤ ዓመታት ይቆዩና ጊዜው ሲያልቅ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ልጅነት

ወርቅነህ በጎንደር ተወለዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተዋጉበት ጊዜ ሕፃኑ ወርቅነህ በመቅደላ አምባ ላይ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲያዝና ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ በተፈጠረው ትርምስ ከቤተ ሰባቸው ተለያዩ። የእንግሊዝ መኮንኖች ብቻቸውን አግኝተዋቸው ኮሎኔል ቻምበርሌይን የተባለ መኮንን ወደ ህንድ ይዟቸው ሄደ። ቻምበርሌይን ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ሸፈነ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የመጣው ከእነዚህ ሁለት አሳዳጊዎች ነው። ልጁ እንግሊዝኛና የህንድ ቋንቋ እየለመዱ ሲያድጉ አማርኛን ረሱት።

ትምህርትና ሥራ

በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ላሆር በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ገብተው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። ቀጥሎም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራ የሕክምና ትምህርታቸውን አሟሉ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረችው በርማ፣ በዛሬዋ ምያንማር፣ የመንግሥት ሐኪም ሆነው ተመደቡ። ይህ ሥራ ደመወዝና ማዕረግ ከመስጠቱም በላይ፣ ለብዙ ዓመት ላገለገለ ሰው ረጅም ዕረፍትና በመጨረሻ ጡረታ ያስገኝ ነበር። በኋላ በኢትዮጵያ የሚቆዩበትን ጊዜ የወሰነው ይኸው የሥራ ደንብ ነው።

የመጀመሪያው መምጣት

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል የኢትዮጵያን ስም በዓለም ሁሉ አሰማ። ወርቅነህም በበርማ ሆነው ስለ ትውልድ አገራቸው ማሰብ ጀመሩ። ፈቃድ ወስደው በዘይላና በሐረር በኩል ተጉዘው በ1891 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገቡ። በድንኳን ሆነው በሽተኞችን ያክሙ ነበር፤ ከሕዝቡ ጋር የሚነጋገሩትም በአስተርጓሚ ነበር።

በሰፊው እንደሚነገረው፣ በመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ከአያታቸው ጆሮ ደረሰ። አሮጊቷ መጥተው በልጅነታቸው የነበረባቸውን ጠባሳ በማየት የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ወርቅነህ የሚለውን የመጀመሪያ ስማቸውንም ያገኙት በዚህ ጊዜ ነው። ዐፄ ምኒልክም በደስታ ተቀበሏቸው።

ይሁን እንጂ ቤተ ሰብ ማግኘት ብቻውን ለመቅረት አላበቃቸውም። ፈቃዳቸው ሲያልቅ በ1893 ዓ.ም. ወደ በርማ መመለስ ነበረባቸው፤ ቢቀሩ የብዙ ዓመት አገልግሎታቸውና ጡረታቸው ከንቱ ይሆን ነበር። በ1890ዎቹ ደግሞ በኦጋዴን በሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ላይ ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ጋር በተላከው የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ በሐኪምነት አገልግለዋል።

ሁለተኛው ቆይታ

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ተመልሰው እስከ 1905 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። በዚህ ወቅት በጠና ታመው የነበሩትን ዐፄ ምኒልክን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። አማርኛን እንደ አዲስ ተማሩ፤ ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉንም አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ።

ይህ ጊዜ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። በፊት የመጡት ዘመድ ፈላጊ እንግዳ ሆነው ነው፤ አሁን ትዳርና ቤት ነበራቸው። ሆኖም ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ነበር የምድብ ጊዜያቸው ሲያበቃ እንደገና ወደ በርማ ሄዱ።

የውጭ አገር ቆይታ በዘመኑ

በዚያ ዘመን ውጭ አገር ለዓመታት ኖረው የተመለሱ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ በበርሊን ግዕዝና አማርኛ አስተምረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ገብተዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ተምረው ተመልሰዋል። ሁለቱም ከአገራቸው ሲወጡ ቋንቋቸውን ይዘው ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ግን ለጉብኝት ይመጡ የነበሩት ወደ ተወለዱበት አገር ነው፤ ቋንቋውንም ሆነ ዘመዶቻቸውን ያገኙት ከጎለመሱ በኋላ ነው።

ቋሚ ምለሳ

ጡረታ ከወጡ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። ከእንግሊዝ መንግሥት የሚያገኙት ጡረታ ስለ ነበራቸው ከእንግዲህ የሚጠራቸው መሥሪያ ቤት አልነበረም። በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘንድ ታማኝነት አግኝተው በብዙ ሥራ ተሰማሩ። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ በአማርኛ የጂኦግራፊ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ነጻ ለወጡ ባሮች ትምህርት እንዲሰጥ ደከሙ፤ የፍል ውሃን መታጠቢያ በዘመናዊ መልክ አሠሩ።

በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚሠራው ግድብ ከአንድ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። በኒው ዮርክ ሃርለምን ጎብኝተው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ።

በ1923 ዓ.ም. ገደማ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ። መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ ነበረች። ሹማምንትና ወታደሮች ከገበሬው ግብር እየሰበሰቡ መኖራቸው ቀርቶ ደመወዝ እንዲከፈላቸው አደረጉ፤ መንገድም አሠሩ። ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን የታሰበ ግዛት ነበር።

በለንደንና በስደት

በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ለንደን ተላኩ። አስቀድሞ በእንግሊዝ መንግሥት ደመወዝ ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ የነበሩት ሰው አሁን በኢትዮጵያ ስም በእንግሊዝ መንግሥት ፊት ቆሙ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ለአገራቸው ድጋፍና የገንዘብ እርዳታ ለማሰባሰብ ደከሙ። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ የሚመለሱበት አገር ስላልነበረ ለተወሰነ ጊዜ የታሰበው ቆይታ ስደት ሆነ።

በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በነበረው ጭፍጨፋ ሁለቱም ተገደሉ። አባታቸው መርዶውን የሰሙት በባዕድ አገር ሳሉ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ከእንግሊዝ ተነሥተው ወዳደጉባት ህንድ ሄዱ፤ አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላም በ1934 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

ዕረፍትና ቅርስ

ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ አረፉ። ለረጅም ዓመታት በእንግሊዝኛ የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ስለ ምኒልክ የመጨረሻ ዘመንና ስለ ተፈሪ መኮንን የለውጥ ጥረት ለሚያጠኑ የታሪክ ምሁራን ጠቃሚ ምንጭ ሆኗል።