ንግሥት ሜሪ እስቱዋርትና ያረጀው የምሥጢር ቁልፍ

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ደብዳቤ ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው ተጽፎ ለተቀባዩ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጥቂት ቀን ነው፤ ሁለተኛው ግን በውስጡ ያለው ነገር ምሥጢር ሆኖ ሊቆይ የሚገባው ዘመን ነው። ይህ ሁለተኛው ዕድሜ የተዘነጋ እንደ ሆነ ምን እንደሚያስከትል ለማስረዳት፥ የእስኮትላንድ ንግሥት የነበሩትን የሜሪ እስቱዋርትን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ ዲሴምበር 8 ቀን 1542 ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ጄምስ 5ኛ ከስድስት ቀን በኋላ ስለ ሞቱ፥ ዘውዱ ገና በጨቅላነታቸው ወደ እርሳቸው ተላለፈ። በ1548 ወደ ፈረንሳይ ተልከው በዚያው ቤተ መንግሥት አደጉ፤ በ1558ም የፈረንሳይን አልጋ ወራሽ ፍራንስዋን አገቡ። ባላቸው በ1559 ነግሠው በ1560 መጨረሻ ስለ ሞቱ፥ ወጣቷ ንግሥት በ1561 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አገራቸው ግን በሰላም አልተቀበላቸውም። ሁለተኛው ባላቸው ሎርድ ዳርንሊ በ1567 ተገደሉ፤ ንግሥቲቱም ብዙ ሳይቆዩ በዚሁ ግድያ የተጠረጠረውን ባላባት ቦዝዌልን ስላገቡ፥ መኳንንቱ ተነሡባቸው። በዚያው ዓመት ዘውዱን ለሕፃኑ ልጃቸው ለጄምስ እንዲለቁ ተገደዱ። በ1568 ከእስር ቤት አምልጠው ጦር ቢያሰልፉም ድል ስለ ሆኑ፥ ከዘመዳቸው ከእንግሊዝ ንግሥት ከኤልሣቤጥ ርዳታ አገኛለሁ ብለው ድንበር ተሻገሩ። ያገኙት ግን ግዞት ነበር። ሜሪ ለእንግሊዝ ዙፋን የመውረስ መብት ስለ ነበራቸውና የካቶሊክ ወገኖችም ተስፋቸውን በእርሳቸው ላይ ስለ ጣሉ፥ ኤልሣቤጥ ሊለቋቸው አልደፈሩም። ሜሪ በዚህ ሁኔታ 19 ዓመት ያህል ቆዩ።

በግዞት ላሉት ንግሥት የቀረላቸው መሣሪያ ብዕር ብቻ ነበር። ለፈረንሳይ አምባሳደርና ለወዳጆቻቸው የሚልኩት ቃል በጸሐፊዎቻቸው እጅ ወደ ምሥጢር ጽሕፈት ይለወጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ፊደል ልዩ ምልክት ተደርጎለታል፤ ብዙ ጊዜ ለሚደጋገሙ ቃላትና ለታላላቅ ሰዎች ስምም እንዲሁ፤ አንባቢን ለማሳሳት ሲባልም ምንም ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይጨመራሉ። ንግሥቲቱ ይህን ጽሕፈት ከብረት መዝጊያ ይልቅ አመኑት።

በእንግሊዝ በኩል ግን የኤልሣቤጥ ሚኒስትር ሰር ፍራንሲስ ዎልሲንግሃም ሌት ተቀን ይሠሩ ነበር። በ1586 ሜሪ ቻርትሊ በተባለው ስፍራ ሳሉ፥ ደብዳቤያቸው በቢራ በርሜል ውስጥ ተሸሽጎ እንዲገባና እንዲወጣ ተደረገ። ንግሥቲቱ ይህን መንገድ ከእግዚአብሔር እንደ ተላከ ርዳታ ቆጠሩት። ነገር ግን መንገዱን ያዘጋጁት ራሳቸው ዎልሲንግሃም ነበሩ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ተከፍቶ ይገለበጣል፤ ቶማስ ፌሊፕስ የተባለው የምሥጢር ጽሕፈት ዐዋቂ ይፈታዋል፤ ከዚያም እንዳልተነካ ሆኖ ታሽጎ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።

በጁላይ ወር አንቶኒ ባቢንግተን የሚባል ወጣት ኤልሣቤጥን ገድሎ ሜሪን ነጻ ለማውጣት የታሰበውን አድማ ጻፈላቸው፤ እርሳቸውም መልስ ሰጡ። ፌሊፕስ መልሱን ከፈታ በኋላ፥ በዚያው በንግሥቲቱ የምሥጢር ምልክት የአድመኞቹን ስም የሚጠይቅ የሐሰት ዐረፍተ ነገር በግርጌው ጨመረበት። እንግዲህ የተሰበረ ቁልፍ ምሥጢርን ማውጣቱ ብቻ አይደለም፤ ጠላት በባለቤቱ ስም እንዲጽፍም በር ይከፍትለታል። ሜሪ በኦክቶበር 1586 ፎዘሪንጌ በተባለው ግንብ ለፍርድ ቀርበው፥ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587 በ44 ዓመታቸው አንገታቸው ተቀላ።

ታሪኩ በዚህ ያበቃ መስሎ ነበር። ነገር ግን የጀርመን፥ የእስራኤልና የጃፓን ሰዎች የሆኑ ሦስት ተመራማሪዎች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጣሊያን ጉዳይ ተብለው የተመዘገቡ በምሥጢር የተጻፉ ወረቀቶች አገኙ። በኮምፒዩተር ርዳታ ሲፈቷቸው፥ ሜሪ ከ1578 እስከ 1584 የጻፏቸው 57 ደብዳቤዎች ሆነው ተገኙ። ይህም በ2023፥ ንግሥቲቱ በተገደሉበት ዕለት መታሰቢያ ቀን ለዓለም ተገለጸ። ወረቀቱ ተቀምጦ ጠበቀ፤ መፍቻው ከ400 ዓመት በኋላ መጣ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ፥ የኤምባሲዎች መልእክት፥ የግብርና የሕሙማን መዝገብ በኮምፒዩተር መረብ ይጓዛል። ከሚጠብቁት መቆለፊያዎች ብዙዎቹ የተመሠረቱት እጅግ ትልቅ ቁጥርን ወደ አባዢዎቹ መልሶ መተንተን አስቸጋሪ በመሆኑ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ፒተር ሾር ግን ኳንተም ኮምፒዩተር የሚባለው አዲስ ዓይነት መኪና ይህን ስሌት በቀላሉ ሊሠራ እንደሚችል በ1994 አሳዩ። ለዚህ የሚበቃ ትልቅ መኪና እስካሁን አልተሠራም። ሆኖም ባላጋራ ዛሬ የማያነበውን መልእክት ገልብጦ በጎተራ ቢያስቀምጥ፥ መፍቻው በመጣ ቀን ይከፍተዋል። ለ30 ዓመት ሊሠወር የሚገባው ምሥጢር እንግዲህ ከወዲሁ በአደጋ ላይ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ተጀምሯል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በኦገስት 2024 ኳንተም ኮምፒዩተርን እንዲቋቋሙ የታሰቡ ሦስት ደንቦች አወጣ፤ አንዱ የምሥጢር ቁልፍ ለመስማማት፥ ሁለቱ ለፊርማ የሚያገለግሉ ናቸው። የፌሊፕስን የሐሰት ዐረፍተ ነገር ያስታወሰ ሰው፥ ፊርማ ይህን ያህል ስለምን እንደ ታሰበበት አይጠፋውም። የሜሪን ደብዳቤ የከፈተችው አገር ራሷም አልተኛችም። የብሪታንያ ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ማዕከል በ2025 ባወጣው መርሐ ግብር፥ መሥሪያ ቤቶች እስከ 2028 መቆለፊያዎቻቸው የት የት እንዳሉ መርምረው ዕቅድ እንዲያወጡ፥ እስከ 2031 አስቸኳይ የሆኑትን እንዲለውጡ፥ እስከ 2035 ሥራውን በሙሉ እንዲፈጽሙ መክሯል።

ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። ማንኛውም መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ የትኛው ምሥጢር ስንት ዓመት ሊጠበቅ ይገባዋል፥ ቁልፉስ ያን ያህል ይኖራል ወይ ብሎ ነው። መልሱ አይኖርም የሆነ እንደ ሆነ፥ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል። ንግሥት ሜሪን ለሞት ያበቃቸው የምሥጢር ጽሕፈት ማጣት አልነበረም፤ የያዙት ጽሕፈት መሰበሩን ሳያውቁ በእርሱ ተማምነው ሁሉን መጻፋቸው ነበር።